የሴራሚክ ከሰል ግሪልን ሳይሰብሩ ማዛወርና መጠገን

ካማዶ የሚባለውን ወፍራም የሴራሚክ ግሪል እሳት ብዙም አይጎዳውም። ሙቀቱ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስም ይችለዋል። ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ሰው ሲያንቀሳቅሰው ነው። ቤት ሲቀየር፣ ከፒካፕ ላይ ሲወርድ፣ በረንዳ ላይ በጎማው ሲገፋ። ምክንያቱም ያው ነው፤ ሰዉ ዕቃውን እንደተገጣጠመ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ እንደያዘ ሊያነሣው ይሞክራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማስቀምጠው ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ባዶ አድርጉት፣ ቀጥሎ ፍቱት፣ ከዚያ አንሡት።

እዚህ አትላንታ ካማዶ የከተማው ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። ቢግ ግሪን ኤግ በፈረንጆቹ 1974 የተመሠረተው እዚሁ ነው። መሥራቹ ኤድ ፊሸር ከጃፓን የመጡ ምድጃዎችን በመሸጥ ጀመረ። ካማዶ ጆም በ2009 ከዚሁ ከጆርጂያ ተነሣ። በሐበሻ ግቢዎች ውስጥም አይጠፋም፤ ለፋሲካ የበግ እግር በቀስታ ለማብሰል የሚወዳደረው የለም። ግን አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ከሁለተኛ እጅ ነው፣ በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ወይ ከጎረቤት። ያኔ ደግሞ ማጓጓዙ የራስ ጣጣ ይሆናል።

ክብደቱን ዕወቁ

መጠኑን ዓይታችሁ አትገምቱ። የቢግ ግሪን ኤግን ብንወስድ፣ ሚዲየም የሚባለው ወደ 52 ኪሎ ነው። ላርጅ ወደ 73 ኪሎ፣ ኤክስ ኤል ወደ 99 ኪሎ ይመዝናል። ከሁሉም ትልቁ፣ ቱ ኤክስ ኤል የሚባለው፣ ወደ 170 ኪሎ ይደርሳል። የሌሎች አምራቾችም በዚሁ አካባቢ ናቸው። ይሄ መቆሚያውንና የጎን ጠረጴዛዎቹን አይጨምርም።

ከክብደቱ በላይ ግን አስቸጋሪ የሚያደርገው ቅርጹ ነው። ክብ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ የሚያዝ ጠርዝ የለውም። መቆሚያው ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ክብደቱ ወደ ላይ ይሆናል። ትንሽ ካጋደለ በኋላ በእጅ መመለስ አይቻልም። እየወደቀ ያለ ካማዶን ለመያዝ አትሞክሩ፣ እግራችሁን ሰብስባችሁ ልቀቁት። ሴራሚኩ በሌላ ይተካል።

ሁለተኛ እጅ ከሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ዕቃው እዚያው ሻጩ ግቢ እንዳለ መርምሩት። ቤት ካደረሳችሁት በኋላ የምታገኙት ስንጥቅ ከመጀመሪያው የነበረ ይሁን በመንገድ የመጣ አይታወቅም።

ክዳኑን ክፈቱ። የስልካችሁን መብራት ውስጡ አድርጋችሁ ከውጭ ተመልከቱ፤ ሲመሻሽ ቢሆን ይሻላል። ብርሃን የሚያሳልፍ መስመር ካለ ስንጥቁ ከውስጥ እስከ ውጭ የዘለቀ ነው ማለት ነው። ከዚያ ክዳኑንም ታችኛውን አካልም በጣት አንጓ ቀስ አድርጋችሁ ቆርቁሩ። ጤነኛ ሴራሚክ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ያወጣል። ውጪው ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ግን የቀለሙ ናቸው። በብርጭቆማው ሽፋን ላይ ብቻ ስለሆኑ ምንም አይሉም። በነሱ ምክንያት ጥሩ ግሪል ጥለው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ዋስትናን በሚመለከት እንዳትሸወዱ። ትልልቆቹ አምራቾች ለሴራሚኩ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ግን ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ወደ እናንተ አይተላለፍም። ወድቆ የተሰበረም በዋስትናው አይሸፈንም። ሻጩ «ዕድሜ ልክ ዋስትና አለው» ቢላችሁ፣ ዋጋውን በዚያ ሒሳብ አትቀበሉት።

መጀመሪያ እሳቱ መጥፋቱን አረጋግጡ

ትናንት ማታ ሥጋ የተጠበሰበት ካማዶ ዛሬ ጠዋት ፍም ሊኖረው ይችላል። ሴራሚኩ ሙቀት ይይዛል፣ አመዱ ደግሞ ፍሙን ሸፍኖ ያቆየዋል። የላይና የታች አየር ማስገቢያዎቹን ዘግታችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ጠብቁ። ሁለት ቀን ከሆነ የበለጠ እርግጠኛ ትሆናላችሁ። ለማፋጠን ብላችሁ ውሃ እንዳታፈሱበት። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ የሚሆነውን እናቶቻችን ያውቁታል፣ እዚህም ያው ነው።

አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አውጡ። ባልዲውን ከቤቱ ግድግዳ አርቃችሁ ኮንክሪት ላይ አስቀምጡት። ካርቶንና የፕላስቲክ ከረጢት አይሆኑም።

ይህን የማጠብቀው በእሳት ምክንያት ብቻ አይደለም። ፍም ያለበት ግሪል ዝግ መኪና ውስጥ ገባ ማለት ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ገባ ማለት ነው። አይሸትም፣ አይታይም። ለቡና ወይ ለብርድ ቤት ውስጥ ከሰል አያይዘው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ከአገር ቤት ጀምሮ ስንሰማ ነው ያደግነው። ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍታችሁም ቢሆን ካማዶ አታቀጣጥሉ።

የሚያስፈልጋችሁ

ሰው ይቀድማል። ለሚዲየምና ለላርጅ ሁለት ጠንካራ ሰው፣ ለኤክስ ኤል ሦስት። ቱ ኤክስ ኤል ከሆነ አራት ሰው ወይም ዕቃ አጓጓዥ ቅጠሩ። የጎማ መዳፍ ያለው ጓንትና ጣት የማያጋልጥ ጫማ ሁሉም ያድርግ።

መፍቻ ያስፈልጋችኋል። ብዙ ጊዜ ቀለበቱን የሚያጠብቁት ዳዶዎች 7/16 ኢንች ናቸው። ግን እንደ አምራቹ ስለሚለያይ 1/2 ኢንች፣ 10 እና 13 ሚሊሜትርም ያዙ። ሁለት የመኪና ዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ፣ አራት አምስት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ትንንሽ ዳዶዎችን የምታስቀምጡበት ከረጢት ጨምሩ። ብርድ ልብሱንም ባለ ሁለት ጎማ የፍሪጅ ጋሪውንም ዩሆል ያከራያል። እንደኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ዕቃ ያረጀ የመኪና ጎማ ነው፤ ጎማ ቤቶች በነፃ ይሰጣሉ። ሁለት ውሰዱ። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ታያላችሁ።

ማራገፍ

የላዩን የብረት ክዳን፣ የአየር መቆጣጠሪያውን አንሡ። የሚገርም ብዛት ያለው ሰው ይሄን ይረሳዋል፤ ክዳኑ ሲከፈት ወይ ሲጋድል ወድቆ ይሰበራል፣ ወይ እግር ላይ ያርፋል። ቀጥሎ የመጥበሻውን ፍርግርግ፣ ሙቀት የሚከልለውን የሴራሚክ ሳህን፣ ከዚያ ላይኛውን የእሳት ቀለበት አውጡ። ከሥሩ ከሰል የሚይዘው የእሳት ሳጥን አለ። አዳዲሶቹ ላይ በቁራጭ የተገጣጠመ ነው፣ አንድ በአንድ ይወጣል። አንድ ወጥ ከሆነ ሁለት እጃችሁን ወደ ውስጥ ሰዳችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ከያዘው ትንሽ ወዲህ ወዲያ አዙሩት እንጂ በብረት አትፈልቅቁት። በመጨረሻ ከሥር ያለውን የብረት ወንፊት አንሡና የቀረውን አመድ ጥረጉ።

የእሳት ሳጥኑ ከመውጣቱ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡት። ከፊት ያለው ቀዳዳ ከታችኛው የአየር በር ጋር መግጠም አለበት። ዞሮ ከተገጠመ አየር አይገባም፣ ግሪሉም አልሞቅ ብሎ ያስቸግራችኋል።

የጎን ጠረጴዛዎቹንም አውልቁ። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው በብርድ ልብስ ጠቅልሉ። ሴራሚክ ከሴራሚክ አይነካካ።

ክዳኑን መፍታት

ጥንቃቄ የሚጠይቀው ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ቀስ በሉ። ክዳኑ ከማጠፊያው ጋር የተያያዘው በብረት ቀለበት ነው። በማጠፊያው ላይ ደግሞ ጠንካራ ሞላ አለ። ሞላው ክዳኑን ሲከፍቱ እንዲቀል የሚያግዝ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሲቀመጥ ሞላው ተወጥሯል። ተጭኖ የያዘውን ክዳን ካነሣችሁለት ማጠፊያው በኃይል ወደ ላይ ይስፈነጠራል፣ ጣት ወይ አገጭ ሊመታ ይችላል። ክዳን በቀላሉ እንዲከፈት ተደርገው የተሠሩት አዳዲስ ማጠፊያዎች ላይ ጉልበቱ ይብሳል።

ስለዚህ ክዳኑ እንደተዘጋ፣ ላይኛውንና ታችኛውን የብረት ቀለበት በማጠፊያው በኩል በማሰሪያ ቀበቶ አንድ ላይ እሰሩ። ጠበቅ አድርጉት፣ እንዳይከፈት። አንድ ሰው ክዳኑን በሁለት እጁ ከላይ ተጭኖ ይያዝ። ፊቱን ከማጠፊያው ያርቅ። ሌላው የላይኛውን ቀለበት ዳዶዎች ያላላ። ያሉበት ቦታ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ መያዣውም ላይ ካለ አብሮ ይላላል። እስኪወድቅ ድረስ መፍታት አያስፈልግም፣ ቀለበቱ በጣት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይበቃል። የታችኛውን ቀለበት አትንኩት።

አሁን ከግራና ከቀኝ ሁናችሁ ክዳኑን ያዙ። አንድ እጃችሁ በላይኛው ቀዳዳ ጠርዝ፣ አንዱ ከታች። ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡት። ካጋደለ ቀለበቱ ውስጥ ይነክሳል። ያኔ አትታገሉት፣ መልሳችሁ አስቀምጡና ቀለበቱን ትንሽ ጨምራችሁ አላሉ። ሲወጣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ እጥፍ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጡት። አንድም ቀን ቢሆን ባዶ ኮንክሪት ላይ አታሳርፉት። ጠርዙ የሚፈረፈረው እዚያ ነው።

ሚዲየም ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነና መንገዱ አጭር ከሆነ ክዳኑን ሳይፈቱ መውሰድ ይቻላል። ግን በቀበቶ ዙሪያውን ታስሮ፣ እንዳይከፈት ተደርጎ ብቻ።

ማንሣት

የምትሄዱበትን መንገድ ባዶ እጃችሁን አንድ ጊዜ ተመላለሱበት። የአትክልት ውሃ ጎማ፣ የልጆች ብስክሌት፣ የላላ ድንጋይ ካለ አንሡ። ልጆች ቤት ይግቡ። የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ተሸክሞ ቆሞ «የት ላድርገው?» የሚባልበት ጊዜ አይኑር።

ታችኛውን አካል ስታነሡ አንዱ ሰው አንድ እጁን ወደ ታችኛው የአየር በር ቀዳዳ ያስገባ፤ ተንሸራታቹን የብረት በር አስቀድማችሁ አውጡት። ሌላ እጁ ከሥር ይሁን። ሁለተኛው ሰው ከተቃራኒው በኩል ሁለት እጁን ከሥር ያድርግ። ማጠፊያውን፣ መያዣውን፣ ቀለበቱን ይዛችሁ አታንሡ። እነሱ የተሠሩት ክዳን ለመክፈት ነው እንጂ ሙሉውን ክብደት ለመሸከም አይደለም። ቀለበቱ ከሾለከ ሴራሚኩ እጃችሁ ውስጥ ብቻውን ይቀራል፣ ወይም አይቀርም።

አንድ ሰው ብቻ ትእዛዝ ይስጥ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ አብሮ መነሣት፣ «እናሳርፍ» ሲባል አብሮ ማሳረፍ። በጉልበት ተቀምጣችሁ ተነሡ፣ ወገባችሁን አታጉብጡ። ሃያ እርምጃ ሄዳችሁ ማረፍ ነውር አይደለም።

ደረጃ ካለ ታችኛውን አካል ብቻውን በፍሪጅ ጋሪው አድርጉት። ጋሪው ላይ ሲደገፍ ማጠፊያው ያለበት በኩል ከጋሪው ብረት ጋር አይነካካ። መሃሉ ላይ ብርድ ልብስ አድርጋችሁ በቀበቶ እሰሩት። ጋሪውን የሚጎትተው ሰው ሁልጊዜ ከላይ ይሁን። የሚያግዘው ጎን ለጎን ይሂድ፣ በቀጥታ ከሥሩ አይቁም። ሣር ላይ ከሆነ ጎማው እንዳይሰምጥ የኮምፔርሳቶ ቁርጥራጭ እየቀየራችሁ አንጥፉ።

በመቆሚያው ጎማ ስለመንዳት

መቆሚያው ጎማ ስላለው ብዙ ሰው ካማዶውን እንደ ሕፃን ጋሪ ግቢውን ያዞረዋል። እነዚያ ትንንሽ ጎማዎች ለልሙጥ ወለል ናቸው። የበረንዳው እንጨት ክፍተት፣ የኮንክሪቱ ስንጥቅ፣ የበሩ ደፍ አንዱን ጎማ ከያዘው፣ ላዩ መንገዱን ይቀጥላል። ወደፊት ይደፋል። ስለዚህ ወደ ራሳችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ እንጂ ከላይ አትግፉ። ሁለት ሰው ይሁን። ክዳኑ የተዘጋ፣ ጠረጴዛዎቹ የታጠፉ፣ እሳቱም የጠፋ ይሁን። ስትጨርሱ ጎማዎቹን ቆልፉ።

መኪና ላይ

አሁን ያረጁትን የመኪና ጎማዎች አምጡ። አንዱን የፒካፑ ወለል ላይ አጋድማችሁ ታችኛውን አካል መሃሉ ላይ አስቀምጡት። ክቡ በክቡ ላይ ቁጭ ይላል፣ አይንከባለልም፣ የመንገዱንም ጉድጓድ ጎማው ይውጠዋል። ክዳኑን በሁለተኛው ጎማ ላይ፣ አፉን ወደ ታች፣ በመሃል ብርድ ልብስ አድርጋችሁ አሳርፉት። ሁለቱንም በቀበቶ እሰሩ፤ ግን ሴራሚኩን እስኪያስጨንቅ አይደለም። እንዳይነሣ ካደረገው በቂ ነው። የተጠቀለሉት የውስጥ ዕቃዎች ወለሉ ላይ ተለያይተው ይቀመጡ። ኋላ መቀመጫ ላይ ካደረጋችኋቸው በፍሬን ጊዜ ወደፊት ይበራሉ።

መገጣጠም

የሚያርፍበት ወለል ደልዳላ ይሁን። የእንጨት ጠረጴዛ ወይም የእንጨት በረንዳ ከሆነ በቀጥታ እንጨቱ ላይ አታስቀምጡት። ከሥሩ አምራቹ የሚሸጣቸው የሴራሚክ እግሮች ወይም ወፍራም የኮንክሪት ንጣፍ ይግባ፣ አየር የሚያልፍበት ክፍተትም ይኑር። ካማዶ ከሥሩም ይግላል።

ክዳኑን ወደ ቀለበቱ መልሱና ከታችኛው ጠርዝ ጋር አስተካክሉት። በዙሪያው በጣታችሁ ዳብሱ፤ አንዱ በኩል ወጣ፣ አንዱ በኩል ገባ ማለት የለበትም። ዳዶዎቹን ተራ በተራ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ክዳኑ ይጣመማል። በደንብ ሳይጠብቅ ቀበቶውን አትፍቱ፣ ክዳኑንም አትክፈቱ። የላላ ቀለበት ያለው ክዳን ሲከፈት ሙሉ በሙሉ ሾልኮ ሊወጣ ይችላል።

መግጠሙን ለማወቅ አንድ ዶላር በቂ ነው። ብሩን በጠርዙ መሃል አድርጋችሁ ክዳኑን ዝጉና ሳቡት። ያዝ ማድረግ አለበት። በየአቅጣጫው ደጋግሙት። በቀላሉ የሚሾልክበት በኩል ካለ፣ ወይ ክዳኑ አልተስተካከለም ወይ ማሸጊያው አልቋል።

ማሸጊያውን መቀየር

በሁለቱ ጠርዞች መሃል ያለው የጨርቅ ማሸጊያ፣ ጋስኬት የሚሉት፣ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ይጠቁራል፣ ይሳሳል፣ ይቃጠላል። ጥሩ ጎኑ መቀየሩ ቀላል መሆኑ ነው። ለሞዴላችሁ የተሠራውን፣ ከኋላው ሙጫ ያለውን ግዙ።

አሮጌውን በመፋቂያ አንሡ። አፍንጫና አፋችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ የሚበነው አቧራ ለሳንባ አይሆንም። የቀረውን ሙጫ በጨርቅ ላይ ባደረጋችሁት አሴቶን ጥረጉት። ይሄን ደጅ፣ ከማንኛውም እሳት ርቃችሁ ሥሩ። አሴቶኑን በቀጥታ ጠርዙ ላይ አታፍስሱት፣ ሴራሚኩ ይጠጣዋል። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጋችሁ አሹትና በደረቅ ጨርቅ አጽዱ። ጠርዙ ሲዳሰስ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት። ሙጫው የሚለቀው በአብዛኛው ይሄ ሥራ ስለሚቸኮልበት ነው።

አዲሱን ከማጠፊያው በኩል ጀምራችሁ ለጥፉ። አትወጥሩት። የተወጠረ ማሸጊያ ሲሞቅ ይሰበሰብና መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ይተዋል። በትንሽ በትንሹ እያስቀመጣችሁ በጣት ተጫኑ፣ ጫፎቹ ሲገናኙ ክፍተት ሳይተዉ ይገፋፉ። ክዳኑን ዘግታችሁ አንድ ቀን ተዉት። ከዚያ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ጥቂት ማብሰያዎች ከ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አድርጉ። ፒዛ ይቆይ።

ስንጥቅ፦ የቱ ያሰጋል?

የእሳት ሳጥኑ መሰንጠቅ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከሰሉ በቀጥታ የሚነድበት ስለሆነ አንዱ በኩል ግሎ ሌላው ቀዝቀዝ ይላል፣ በዚያ ምክንያት ይሰነጠቃል። ሁለት ቦታ ተከፍሎም ቢሆን በታችኛው አካል ውስጥ ታቅፎ ስለሚቀመጥ ይሠራል። ቁራጩ ወደ ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ በዙሪያው የማይዝግ ብረት ሽቦ አዙራችሁ በፒንሳ አጥብቁ። በጣም አታጥብቁት፣ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ይፈልጋል። ተሰባብሮ አየር ማስገቢያውን መዝጋት ሲጀምር ግን ቀይሩት፤ ለብቻው ይሸጣል።

ክዳኑ ወይም ታችኛው አካል ላይ ያለ ስንጥቅ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ፎቶ አንሡትና፣ የመጀመሪያው ገዢ ከሆናችሁ ለአምራቹ ጻፉ። ምንም ነገር ሳትቀቡበት። ራሳችሁ ከጠገናችሁት በኋላ ዋስትና መጠየቅ ይከብዳል።

ዋስትና ከሌለ፣ ስንጥቁ ቀጭን ሆኖ አካሉን እስካልከፈለው ድረስ በምድጃ ሲሚንቶ መሙላት ይቻላል። ይሄ የእሳት ማገዶ ምድጃዎች የሚጠገኑበት ነው፣ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚችል ተብሎ በቆርቆሮ ይሸጣል። ተራው የግንባታ ሲሚንቶ አይሆንም፣ ሲግል ይፈነዳል። ስንጥቁን በብሩሽ ከጥቀርሻ አጽዱ፣ ትንሽ አርጥቡት፣ ሲሚንቶውን በጣት ወደ ውስጥ ግፉ፣ ትርፉን ጥረጉ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያህል ይድረቅ። ከዚያ በትንሽ ከሰል ቀስ እያላችሁ አሙቁት። ውሃው ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፣ አለዚያ አረፋ ሠርቶ ይነሣል።

ውጪው ላይ ጠርዙ ትንሽ ተፈርፍሮ ከሆነ ቁራጩን ሙቀት በሚችል ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ መመለስ ይቻላል። ማሸጊያው ላይ የሚተርፈውን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ኢፖክሲ ከምግብና ከእሳት ጋር ወደሚገናኝ የውስጥ ክፍል አይግባ።

ለሁለት የተከፈለ ክዳንን በሲሚንቶ ለጥፎ መጠቀም እንደሚቻል የሚናገሩ አሉ። እኔ አልመክርም። ሲሚንቶው ደረቅና ተሰባሪ ነው፣ ሴራሚኩ ግን በሙቀት ይሰፋል ይጠባል። ክዳኑ ከጭንቅላታችሁ ትይዩ ተከፍቶ ሳለ ግማሹ ቢለቅ አስቡት። ታችኛው አካል ከተከፈለማ ጭራሽ አይሆንም፤ ፍም ይዞ የእንጨት በረንዳ ላይ ከተከፈተ ቤቱ ነው የሚነደው። ቁራጩን ከአከፋፋይ እዘዙ፣ ለብቻው ይገኛል።

ማጠፊያና ቴርሞሜትር

የዛገ ዳዶ እምቢ ካለ ዝገት የሚያላላ ዘይት ነፍታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ማሸጊያውን በላስቲክ ሸፍኑ፣ ዘይት ከነካው ሙጫው ይለቃል። በጉልበት አትመንጭቁት፣ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ሴራሚኩ ነው የሚሄደው። ካልሆነ ብሎኑን ቆርጣችሁ በማይዝግ ብረት ተኩት። ሞላው ከተሰበረ እንደዚያው ክዳኑን አውርዳችሁ ነው የሚቀየረው፣ ክዳኑ ተሰቅሎ እያለ አትሞክሩት።

ቴርሞሜትሩ በመንገድ ሲንገጫገጭ ሊሳሳት ይችላል። አውጡትና ጫፉን በፈላ ውሃ ውስጥ አድርጉት። አትላንታ ላይ 99 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማሳየት አለበት። ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ግን 95 አካባቢ ጠብቁ፤ ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን 92 ገደማ ነበር። ልዩነት ካለ ከጀርባው ያለችውን ዳዶ በትንሽ መፍቻ አዙራችሁ ታስተካክሉታላችሁ።

የመጀመሪያው እሳት

ከጉዞና ከጥገና በኋላ ወዲያው ጥብስ ለማውጣት አትቸኩሉ። ትንሽ ከሰል አያይዛችሁ ከ95 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ሰዓት ያህል ያዙት። ሴራሚኩ በዝናብ ወይ በእርጥበት የጠጣው ውሃ በዚህ ይወጣል። በክረምት ሜዳ ላይ የቆየ ከሆነ ይሄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ውስጡ ያለ ውሃ በአንዴ ሲግል ይሰነጥቀዋል። በሳሙናና ውሃ ማጠብም በዚሁ ምክንያት አያስፈልግም።

ጭሱ ሲወጣ ዙሪያውን ተመልከቱ። በማሸጊያው በኩል የሚሾልክ ካለ በየት በኩል እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ሲበርድ ክዳኑን ታስተካክላላችሁ። በከፍተኛ ሙቀት ላይ ሳለ ክዳኑን ስትከፍቱ ደግሞ መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ጥቂት ሰኮንድ ጠብቁ። አየር በአንዴ ሲገባ ነበልባሉ ፊት ላይ ይነሣል። ፀጉርና ቅንድብ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

ሁለት ሦስት ጊዜ ካበሰላችሁበት በኋላ፣ ግሪሉ በበረደበት ሰዓት፣ መፍቻውን እንደገና አውጡ። ብረቱ ሲግል ስለሚሰፋ ቀለበቶቹ መላላታቸው አይቀርም። ሁሉንም ዳዶ አንድ ዙር አጥብቁ። ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ ማየት ይበቃል።